መድኃኒት ለተላመደ ካንሰር የትኛው ፔፕታይድ? ራሳቸውን በሚገነቡ ፔፕታይዶች መካከል ለመምረጥ የሚረዳ ንጽጽር

ራሳቸውን በራሳቸው በሚገነቡ ፔፕታይዶች (ከአሚኖ አሲዶች በተቀጣጠሉ አጫጭር ሰንሰለቶች) ላይ ለመሥራት የሚነሣ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከፔፕታይዱ ነው። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተነሣ የሚያምር የክር መረብ ያያል፤ ከዚያ በኋላ ለመረቡ የሚሆን በሽታ ይፈልግለታል። በእኔ እምነት ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ካንሰሩ መድኃኒቱን የተላመደው በየትኛው መንገድ እንደሆነ ነው፤ የፔፕታይዱ ዓይነት፣ ርዝመትና ቅርጽ የሚመረጠው ይህ ከተለየ በኋላ ነው።

ንጽጽሩ የተዘጋጀው በፋርማሲ፣ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ የምርምር ርእስ ለሚመርጡ ነው። ሕክምና ላይ ያለ ሰው ወይም አስታማሚ ቢያነበው ግን አንድ ነገር ከወዲሁ ይወቅ፦ ከዚህ በታች የሚነሡት መንገዶች መድኃኒት የተላመደ ካንሰርን ድል ለመንሣት በቤተ ሙከራና በእንስሳት ላይ የሚፈተኑ እንጂ በሆስፒታል የሚታዘዙ አይደሉም፤ ስለዚህ ሐኪም የጀመረውን ሕክምና ለማቆምም ሆነ ለማዘግየት ምክንያት ሊሆኑ አይችሉም። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መላመዱ ከየት መጣ?

ካንሰር መድኃኒትን የሚላመድባቸው መንገዶች ብዙ ቢሆኑም ለምርጫችን አራቱን መለየት ይበቃል። የመጀመሪያውና በስፋት የተጠናው በሴሉ ሽፋን ላይ ተተክሎ የገባውን መድኃኒት መልሶ ወደ ውጭ የሚገፋ ፕሮቲን ነው። ሩዶልፍ ጁሊያኖና ቪክተር ሊንግ በ1976 ቶሮንቶ ውስጥ ኮልቺሲንን የተላመዱ የሃምስተር እንቁልጢ፣ ማለትም የኦቫሪ፣ ሴሎችን ሲመረምሩ ያገኙትና ፒ-ግላይኮፕሮቲን የተባለው ይህ ፓምፕ የኤቲፒን፣ ማለትም ሴሉ ኃይል የሚያገኝበትን ሞለኪውል፣ ጉልበት እየተጠቀመ በኬሚካዊ መልካቸው ጭራሽ የማይመሳሰሉ መድኃኒቶችን ያስወጣል፤ ከእነዚህም መካከል ዶክሶሩቢሲን፣ ፓክሊታክሴል፣ ቪንክሪስቲንና ኢቶፖሳይድ ይገኛሉ። ሌላው የካንሰር መድኃኒት፣ ሲስፕላቲን፣ ግን የዚህ ፓምፕ ደንበኛ አይደለም። ይህን ልዩነት ሳያስተውሉ ፓምፑን ለማለፍ የተነደፈ ፔፕታይድ ላይ ሲስፕላቲን መጫን ያልታመመውን ማከም ነው።

ሁለተኛው የመድኃኒቱ ዒላማ ራሱ ሲለወጥ የሚመጣው ነው። ሥር የሰደደ የማይሎይድ የደም ካንሰርን ታሪክ የለወጠው ኢማቲኒብ በ2001 በአሜሪካ ከተፈቀደ ብዙም ሳይቆይ፣ ቢሲአር-ኤቢኤል በተባለው ፕሮቲን 315ኛ ቦታ ላይ ያለው ትሪዮኒን በአይሶሉሲን በተተካባቸው ሕሙማን ላይ መድኃኒቱ መሥራት አቆመ። እዚህ ላይ መድኃኒቱ አልደረሰም አይባልም፤ ደርሶ መያዣ አጣ እንጂ። የበሩ ቁልፍ ከተቀየረ አሮጌውን መክፈቻ በወርቅ ሣጥን ተሸክሞ ማምጣት ምንም አይፈይድም፤ ለዚህ ለውጥ መፍትሔ ሆኖ የመጣውም በ2012 የተፈቀደው ሌላ መድኃኒት፣ ፖናቲኒብ፣ ነው። መላመዱ የዚህ ዓይነት ከሆነ ፔፕታይድን በተሸካሚነት መምረጥ ከጅምሩ ስሕተት ነው።

ሦስተኛው ሴሉ መድኃኒቱን ከውስጥ ሲያመክን፣ የተጎዳውን ዲኤንኤ ፈጥኖ ሲጠግን ወይም እንዲሞት የሚደርሰውን ትእዛዝ አልሰማ ሲል ነው፤ ግሉታታዮን የተባለው ሞለኪውል የሲስፕላቲንን ፕላቲነም ጠፍሮ የሚይዝበት ሁኔታ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። አራተኛው ቀላል ቢመስልም የሚዘነጋ ነው፦ መድኃኒቱ ወደ ዕጢው መሃል በበቂ መጠን አይደርስም፤ በዳር ያሉት ሴሎች ሲሞቱ ከደም ሥር የራቁት ይተርፋሉ።

ፓምፑን በቀጥታ መዝጋት እያለ ፔፕታይድ ለምን አስፈለገ የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። ተሞክሯል። በ1981 ታካሺ ትሱሩኦና ባልደረቦቹ ለልብና ለደም ግፊት የሚሰጠው ቬራፓሚል ቪንክሪስቲንን የተላመዱ የሉኪሚያ ሴሎችን እንደገና በመድኃኒቱ እንዲጠቁ እንደሚያደርግ አሳዩ፤ ከዚያ በኋላ ሌሎች ፓምፑን የሚዘጉ መድኃኒቶች፣ ሳይክሎስፖሪን፣ ቫልስፖዳርና ታሪኪዳር፣ በየተራ በሕሙማን ላይ ተፈተኑ። ውጤቱ ከተጠበቀው በታች ሆነ። ፒ-ግላይኮፕሮቲን በጤነኛው አንጀት፣ በጉበት፣ በኩላሊትና በአንጎል የደም ሥሮች ላይም መርዝ የሚያስወጣ ዘበኛ ስለሆነ፣ እሱ ሲዘጋ የኬሞቴራፒው መጠን በደም ውስጥ ከፍ ይላል፤ ሐኪሙም የመድኃኒቱን መጠን ለመቀነስ ይገደዳል። የፔፕታይዶቹ ተስፋ እንግዲህ ዘበኛውን ሳይገድሉ በሌላ በር መግባት ነው።

ስለ አሠራራቸው በአጭሩ

ፔፕታይድ ከጥቂት አሚኖ አሲዶች የተቀጣጠለ አጭር ሰንሰለት ነው። ውኃ የሚሸሽና ውኃ የሚወድ ወገን በአንድ ሞለኪውል ላይ ሲገናኙ፣ የሃይድሮጅን ትስስርና የኤሌክትሪክ ሙሎች መሳሳብ ሲታከልበት፣ ሞለኪውሎቹ ማንም ሳያያይዛቸው ክር፣ ቱቦ፣ እንክብል ወይም ጄል ይሆናሉ። ይህ የሚሆነው ግን ክምችታቸው ከተወሰነ ወሰን ሲያልፍ ብቻ ነው፤ ከወሰኑ በታች ይበተናሉ። ወደፊት ደጋግሜ የምመለስበት ነጥብ ይህ ነው።

መስኩ የተጀመረው ለካንሰር ተብሎ አይደለም። ሹጓንግ ዛንግ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሳለ በእርሾ ፕሮቲን ውስጥ ካገኘው ተደጋጋሚ ቅደም ተከተል ተነሥቶ 16 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፔፕታይድ ጨው ባለበት ውኃ ውስጥ በዓይን የሚታይ ሽፋን እንደሚሠራ በ1993 አሳወቀ። በ2003 ደግሞ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ሜይታል ሬቼስና ኤሁድ ጋዚት፣ ከአልዛይመር ጋር በተያያዘው ፕሮቲን ውስጥ የሚገኙ ሁለት ፌኒላላኒኖች ብቻቸውን ጠንካራ ቱቦ መሥራት እንደሚችሉ አረጋገጡ። ከሁለት አሚኖ አሲድ የሚያንስ ፔፕታይድ ስለሌለ፣ ይህ ግኝት አቅሙ ውስን ለሆነ ቤተ ሙከራ ትልቅ በር ከፍቷል።

አማራጭ አንድ፦ መድኃኒቱን ሳይነኩ መሸከም

እዚህ መድኃኒቱ በፔፕታይዱ እንክብል ወይም ክር ውስጥ ይቀመጣል እንጂ በኬሚካዊ ትስስር አይታሰርም። መድኃኒቱ ያው የታወቀው መድኃኒት ስለሆነ ሥራው ቶሎ ይጀመራል። ፓምፑንም በከፊል ያታልላል፤ ፒ-ግላይኮፕሮቲን የሚይዘው በሽፋኑ ቅባት ውስጥ ሰርጎ የሚያልፈውን ነጠላ ሞለኪውል ሲሆን፣ በአሥርና በመቶ ናኖሜትር የሚለካ እንክብል ግን ሴሉ ሽፋኑን አጥፎ ስለሚውጠው ከፓምፑ ደጃፍ ርቆ ይገባል። በከፊል ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ከእንክብሉ የወጣው ዶክሶሩቢሲን ተመልሶ ነጠላ ሞለኪውል ስለሚሆን ከፓምፑ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። በመሆኑም በሌላ ጊዜ እንደ በጎ ነገር የሚታየው ቀስ እያለ መልቀቅ እዚህ ጉዳት ሊሆን ይችላል፤ ፓምፑ ትንሽ ትንሹን እየተቀበለ ለማስወጣት ጊዜ ያገኛልና። የሚፈለገው ሴሉ ውስጥ ሲገባ በአንድ ጊዜ የሚፈርስ ቅንብር ነው። ሊሶሶም በተባለው የሴሉ መፍጫ ክፍል ውስጥ ያለው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ4.5 እስከ 5 ሲሆን የደም ፒኤች 7.4 ነው፤ በሁለቱ መካከል አዎንታዊ ሙል የሚይዘውን ሂስቲዲን የተባለ አሚኖ አሲድ በሰንሰለቱ ውስጥ ማስገባት መፍረሱን ከዚህ ልዩነት ጋር ለማያያዝ ይረዳል።

ድክመቱ የሚገለጠው ደም ውስጥ ነው። በቤተ ሙከራ ብልቃጥ ውስጥ ጸንቶ የነበረው እንክብል በሊትሮች በሚቆጠር ደም ሲቀጥን ከወሰኑ በታች ሊወርድና ዕጢው ጋ ሳይደርስ ሊበተን ይችላል። ተፎካካሪዎቹም ቀላል አይደሉም፤ ዶክሶሩቢሲንን በሊፖሶም (ከቅባት ሽፋን በተሠራ ጥቃቅን እንክብል) የያዘው ዶክሲል ከ1995፣ ፓክሊታክሴልን በ130 ናኖሜትር ገደማ የአልቡሚን ቅንጣት የያዘው አብራክሴን ከ2005 ጀምሮ በአሜሪካ ተፈቅደው በሥራ ላይ ናቸው። በ2016 የታተመና የአሥር ዓመት የእንስሳት ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ ደግሞ በደም ሥር ከተሰጡት ናኖቅንጣቶች ወደ ዕጢው የደረሰው ድርሻ በሚዲያን (በመካከለኛው ቁጥር) ሲለካ 0.7 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ የሚፈለገው ተራ ተሸካሚ ብቻ ከሆነ፣ ፔፕታይዱ ሊፖሶም የማይሠራውን ምን እንደሚሠራ በአንድ ዐረፍተ ነገር መመለስ ያልቻለ ተማሪ ይህን አማራጭ ቢተወው ይሻለዋል እላለሁ።

አማራጭ ሁለት፦ መድኃኒቱን የግንባታው አካል ማድረግ

ፓምፕ ላይ ለሚሠራ ሰው አመዛዝኜ የማስቀድመው ይህን ነው። መድኃኒቱ በሚሰበር ማያያዣ ከአጭር ፔፕታይድ ጋር ይታሰራል፤ አብዛኞቹ የካንሰር መድኃኒቶች ውኃ የሚሸሹ ስለሆኑ መድኃኒቱ ራሱ እንደ ጭራ ሆኖ ግንባታውን ያስጀምራል። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሆንጋንግ ኩይ ቡድን በ2013 ካምፕቶቴሲን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት ታው ከተባለ ፕሮቲን ከተወሰደ አጭር ቅደም ተከተል ጋር አንድ፣ ሁለትና አራት እያደረገ ሲያያይዝ የመድኃኒቱ ድርሻ ከጠቅላላው ክብደት 23፣ 31 እና 38 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ብቻ አይደለም ቁም ነገሩ፤ ድርሻው ከአንዱ ዝግጅት ወደ ሌላው የማይዋዥቅ፣ በሞለኪውሉ መዋቅር የተወሰነ መሆኑ ነው። ለንጽጽር ያህል፣ 150,000 ዳልተን ገደማ የሚመዝነው ፀረ እንግዳ አካል፣ መድኃኒት ከፀረ እንግዳ አካል ጋር በታሰረበት ኤንኸርቱ በተባለ የካንሰር መድኃኒት ውስጥ፣ 8 ያህል የመድኃኒት ሞለኪውሎችን ቢሸከምም የመድኃኒቱ ድርሻ ከክብደቱ ጥቂት በመቶ አይበልጥም። እርግጥ ፀረ እንግዳ አካሉ ዒላማውን የሚለይበት ብቃት አጭር ፔፕታይድ በቀላሉ የሚስተካከለው አይደለም።

የዚህ አማራጭ ዕጣ የሚወሰነው በማያያዣው ነው። በሁለት የሰልፈር አተሞች የተሠራ ማያያዣ ግሉታታዮን ሲያገኝ ይሰበራል፤ ግሉታታዮን በሴል ውስጥ ከ1 እስከ 10 ሚሊሞላር ሲሆን በደም ውስጥ ግን እጅግ አንሶ በማይክሮሞላር የሚቆጠር ነው። ሲስፕላቲንን የሚያመክነው ሞለኪውል እዚህ መድኃኒቱን የሚፈታ ሆኖ ማገልገሉ በመስኩ ውስጥ ከሚያስደስቱኝ ነገሮች አንዱ ነው። ግላይሲን፣ ፌኒላላኒን፣ ሉሲንና ግላይሲን በተከታታይ የተሰኩበት ማያያዣ ደግሞ በሊሶሶም ውስጥ ያለው ካቴፕሲን ቢ የተባለ ኢንዛይም ይቆርጠዋል። አደጋው ማያያዣው ከክሩ ውስጥ ተቀብሮ ኢንዛይሙ እንዳይደርስበት መሆን ነው፤ ጠንካራ ክር በምስል ላይ ቢያምርም መድኃኒቱን የማይለቅ ከሆነ ጥቅም የለውም። በሌላ በኩል መቀበሩ ካምፕቶቴሲንን ይጠቅማል፤ በደም ፒኤች ሲከፈት መድኃኒቱን ከንቱ የሚያደርገው፣ ላክቶን የተባለው የሞለኪውሉ ቀለበት በክሩ ውስጥ ይጠበቃልና።

መድኃኒቱ ከፔፕታይድ ጋር ሲታሰር በሕግ ዓይን አዲስ መድኃኒት ይሆናል፤ የነባሩ መድኃኒት የደኅንነት መረጃ ብቻውን አያሳልፈውም። ራሱን የሚገነባ ባይሆንም የሜልፍሉፌን ታሪክ ለዚህ ያስተምራል። ሜልፋላን የተባለውን ነባር መድኃኒት በፔፕታይድ መልክ ወደ ሴል የሚያስገባው ይህ ውሑድ፣ ሌሎች ሕክምናዎችን ለተላመደ መልቲፕል ማይሎማ (የደም ካንሰር ዓይነት) በ2021 መጀመሪያ በአሜሪካ በተፋጠነ መንገድ ከተፈቀደ በኋላ፣ በተከታዩ ጥናት የሕሙማን የመኖር ዕድሜ አሳሳቢ ሆኖ በመገኘቱ በዚያው ዓመት ከገበያው ወጥቷል፤ ፈቃዱም በ2024 ተሰርዟል። አውሮፓ ግን በ2022 ለተወሰኑ ሕሙማን ፈቅዳዋለች።

አማራጭ ሦስት፦ በሴሉ ኢንዛይም የሚቀሰቀስ ግንባታ

በዚህኛው መንገድ ፔፕታይዱ ሲሰጥ ገና አልተገነባም። በብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ ቢንግ ሹ በሰፊው ያዳበረው ዘዴ የሚከተለው ነው፦ ታይሮሲን ላይ የፎስፌት ቡድን ይለጠፍና ሞለኪውሉ በውኃ ውስጥ ሟሙቶ ይቆያል፤ ፎስፋቴዝ የተባለ ኢንዛይም የበዛበት የካንሰር ሴል ጋ ሲደርስ ኢንዛይሙ ፎስፌቱን ይቆርጠዋል፣ ሞለኪውሎቹም እዚያው ተሰባስበው ክር ይሆናሉ። የሚገድለው የተሸከመው መድኃኒት ሳይሆን ግንባታው ራሱ ነው፤ ክሩ አንድ ፕሮቲን ብቻ ሳይሆን ብዙ የሴል ክፍሎችን በአንድ ጊዜ ስለሚያውክ በአንድ ቦታ በሚደረግ የዘረመል ለውጥ ማምለጥ ይከብዳል፤ ፓምፑም ነጠላ ሞለኪውል እንጂ ክር አያስወጣም። ከዚሁ ቡድን በ2015 የወጣ ሥራ ካርቦክሲልኤስቴሬዝ በተባለ ኢንዛይም በሴሉ ውስጥ የሚገነባ ፔፕታይድ፣ ሲስፕላቲንን በተላመዱ የእንቁልጢ ካንሰር ሴሎች ላይ የሲስፕላቲንን ኃይል እንደሚያጎለብት አሳይቷል። ሲስፕላቲንን ለተላመደ ካንሰር ፓምፕን ማታለል ስለማይረዳ፣ ከአራቱ አማራጮች ለዚህ ችግር የተሻለ የሚገጥመው ይህ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች ግን አሉ። አንደኛው የኢንዛይሙ ጉዳይ ነው፤ ፎስፋቴዝ በአጥንት፣ በጉበትና በአንጀት፣ ካርቦክሲልኤስቴሬዝ ደግሞ በጉበት ውስጥ በብዛት ይገኛሉ፤ ስለዚህ በቤተ ሙከራ ሳሕን ላይ በካንሰር ሴልና በአንድ ጤነኛ ሴል መካከል የታየ ልዩነት ለሙሉ ሰውነት ዋስትና አይሆንም፤ የጉበት ሴሎችን ሳይጨምር የቀረበ የመምረጥ ብቃት ንግግር አያሳምነኝም። ሁለተኛውና ከባዱ የመጠን ጉዳይ ነው። ፓክሊታክሴል ከማይክሮሞላር ሺህ ጊዜ በሚያንሰው በናኖሞላር ሲሠራ፣ እነዚህ ፔፕታይዶች አብዛኛውን ጊዜ በአሥሮችና በመቶዎች በሚቆጠር ማይክሮሞላር ያስፈልጋሉ፤ ከወሰን በታች አይገነቡምና። ይህን መጠን በደም በኩል ማድረስ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ በሆድ ዕቃ ውስጥ ለተሠራጨ የእንቁልጢ ካንሰር በቀጥታ ወደ ሆድ ዕቃው መስጠትን ከመነሻው ማሰብ ይገባል። ፕሮቲን ሰባሪ ኢንዛይሞች እንዳይበሉት በመስታወት ምስላቸው በተሠሩት ዲ-አሚኖ አሲዶች መሥራት ይቻላል፤ ዋጋቸው ግን ከተለመዱት ይወደዳል።

አማራጭ አራት፦ በቦታው የሚቀመጥ ጄል

ራሱን የሚገነባ ፔፕታይድ በካንሰር ሕክምና ውስጥ የለም የሚል ሰው ቢገጥም ስለ ላንሪዮታይድ መንገር ነው። ስምንት አሚኖ አሲዶች ያሉት ይህ መድኃኒት በውኃ ውስጥ 24 ናኖሜትር ገደማ ስፋት ያላቸውን ቱቦዎች ይሠራል፤ ከቆዳ ሥር በጥልቀት ሲወጋ እንደ ጄል ተቀምጦ ለአራት ሳምንት ያህል ቀስ እያለ ይለቀቃል፤ ሆርሞን ከሚያመነጩ ሴሎች ለሚነሡ ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢዎችም በአሜሪካ ከ2014 ጀምሮ ተፈቅዷል። ለፕሮስቴት ካንሰር የሚሰጠው ዴጋሬሊክስም ሲወጋ በቦታው ጄል ይሆናል። ሁለቱም መላመድን ለመስበር የተሠሩ አይደሉም፤ ጄል ሆኖ መቆየት ግን በሰው ላይ እንደሚሠራ ያሳያሉ። በቀዶ ሕክምና የማይደረስበት ቅሪት ሲኖር ወይም መላመዱ ከመድረስ ችግር የመጣ ሲሆን፣ በደም ሥር ሊሰጥ የማይቻል ከፍተኛ ክምችት በዚህ መንገድ በቦታው ማኖር ይቻላል። ለተሠራጨ ካንሰር ግን ጥቅሙ ውስን ነው።

አሚኖ አሲድ ከማዘዝ በፊት

ወጪን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ብሩስ ሜሪፊልድ በ1963 ያስተዋወቀውና በ1984 የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት በጠጣር ቅንጣት ላይ የማቀጣጠል ዘዴ፣ ከሁለት እስከ አምስት አሚኖ አሲድ ላለው ፔፕታይድ ማጣሪያ በተገጠመለት የፕላስቲክ ሲሪንጅ እንኳ ይሠራል። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በቅርብ ከሌለ የመሰባሰቢያውን ወሰን በፓይሪን፣ የቤታ ንጣፍ (ሰንሰለቶች ጎን ለጎን የሚደረደሩበት ቅርጽ) መኖሩን በታዮፍላቪን ቲ፣ ማለትም በሚያበሩ ቀለሞች፣ የፍሎረሰንስ መለኪያ መጀመር ይቻላል፤ የምርቱን ንጽሕና ማረጋገጥ ግን በምንም አይተካም።

የሴል ምርጫው የበለጠ ያሳስበኛል። ለብዙ ዓመታት ዶክሶሩቢሲንን የተላመደ የጡት ካንሰር ተብሎ ኤምሲኤፍ-7/ኤዲአር በሚል ስም ያገለገለው የሴል ዘር ከእንቁልጢ ካንሰር የመጣ መሆኑ በዘረመል ምርመራ ከተረጋገጠ በኋላ ስሙ ተቀይሯል፤ ዛሬም በአሮጌው ስሙ ከኤምሲኤፍ-7 ጋር እያነጻጸሩ የሚጽፉ አሉ። ተላማጁ ሴል የሚነጻጸረው ከራሱ ወላጅ ዘር ጋር ብቻ ነው፤ ለሲስፕላቲን ኤ2780 እና ከእሱ የወጣው ኤ2780ሲስ ለዚህ ይሆናሉ። የሚዘገበው ቁጥርም ተላማጁን ሴል ለመግደል የወሰደው መጠን ብቻ መሆን የለበትም። ነፃው መድኃኒት ተላማጁን ለመግደል ከወላጁ መቶ እጥፍ መጠን ቢጠይቅና የፔፕታይዱ ቅንብር አምስት እጥፍ ብቻ ቢጠይቅ መላመዱ በእርግጥ ተሰብሯል፤ ቅንብሩ ሁለቱንም እኩል በርትቶ ገድሎ ልዩነቱ መቶ እጥፍ ሆኖ ከቀረ ግን የተገኘው ጠንካራ መርዝ እንጂ መላመድን የሚያልፍ መንገድ አይደለም። ተመሳሳይ አሚኖ አሲዶች ኖረውት የማይገነባ ፔፕታይድ፣ እንዲሁም ማያያዣው የማይሰበር ቅጂ፣ በማነጻጸሪያነት ሊቀርቡ ይገባል።

የመጀመሪያው ሙከራ ከፔፕታይዱ ጋር ምንም አይገናኝም። ሮዳሚን 123 የተባለውን ቀለም፣ ፒ-ግላይኮፕሮቲን የሚያስወጣው ስለሆነ፣ በተላማጁና በወላጁ ሴል ላይ ማድረግ፣ ከዚያም በተላማጁ ላይ ታሪኪዳር ጨምሮ መድገም ነው። ቀለሙ ከተላማጁ ሴል ወጥቶ ታሪኪዳር ሲጨመር ተመልሶ ከተጠራቀመ ሁለተኛው አማራጭ ሊታሰብ ይችላል፤ በሁለቱም ሴሎች እኩል ከቀረ ፓምፕን ለማለፍ የተጻፈው የምርምር ዕቅድ እንደገና መጻፍ አለበት።